ከመስኮቱ በኩል ያለው ወንበር

ለሃያ ሦስተኛ ጊዜ አለት ወደቀ።

ድንጋይ የለበሰው ጀግና ዝናብ ባራሰው ጣሪያ ላይ በጀርባው ተዘረረ። የጣለችው ቀጭኗ ጀግና፣ ሽቦ፣ ካባዋን እያራገበች ከራስጌው ቆመች። ስክሪኑ ላይ «አሸናፊ» የሚለው ቃል ቦግ አለ። ልጅቷ ግን ቃሉን አላነበበችውም። ዓይኗ ያረፈው አጠገቧ በተቀመጠው ሰው አውራ ጣት ላይ ነበር። አለት ወድቆ እንደተነሣ፣ ሽቦ ጎንበስ ብላ እግሩን ልትጠርገው ስትመጣ፣ ሰውዬው አውራ ጣቱን ከመከላከያው ቁልፍ ላይ ብድግ አደረገው። ብድግ! አጥርታ አይታዋለች።

«ዛሬም አፈር አበላሽኝ» አለ እየሳቀ፣ ጆይስቲኩን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ። «እጅሽን ምን ተቀብተሽው ነው?»

«ምንም።»

«ነገም ምሳ ሰዓት?»

«እስቲ እናያለን።»

እስከዚያን ቀን ድረስ «እስቲ እናያለን» ብላው አታውቅም። ሰውዬው ፈገግታው ፊቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ትንሽ ጠበቀ። የሚጨመር ቃል እንደሌለ ሲገባው ወንበሩን ወደ ቦታው መልሶ ወጣ። ልጅቷ እዚያው ቀረች። ሦስት ሳምንት ሙሉ በየምሳ ሰዓቱ ያሸነፈችው ድል ሁሉ እጇ ላይ እንደ በረዶ ሲቀልጥ ተሰማት።

ነገሩን ከዳር ሆኖ ለሚያይ ይህ ምኑ ያስከፋል? ጨዋታ አይደለም እንዴ? ግን ለእሷ ጨዋታ እንጀራዋ ነው። መሥሪያ ቤቱ ከጎማ መሸጫ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ አሥራ አንድ ሰው የታጨቀበት ቤት ነው፤ ጌም ይሠሩበታል። ሁለት ዓመት የተለፋበት «ባለካባዎች» የተባለው የጀግኖች ፍልሚያ ሊወጣ ቀናት ቀርተውታል። የልጅቷ ሥራ መፈተሽ ነው። ቀኑን ሙሉ ትጫወታለች፤ ጥንካሬውን በአንድ በኩል፣ ድክመቱን በሌላ በኩል ትጽፋለች። ምንም ነገር ስለማያመልጣት ስሟ ቀርቶ «ወንፊት» ሆናለች። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በሁሉም ፊት ሪፖርቷን ታነብና ትፈርማለች። የእሷ ፊርማ ከሌለ ጌሙ ከዚያ ቤት አይወጣም።

ሰውዬው ደግሞ የጌሙ ሠሪ ነው። የጀግኖቹን አመታት፣ አወዳደቅ፣ አነሣስ ሁሉ የጻፈው እሱ ነው። ያ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። የባለቤቱ ልጅ ነው። ጠዋት ጠዋት ከአባቱ ጋር በመኪና እየመጣ ከበሩ ላይ ይወርዳል። እሷ ሁለት አውቶቡስ ቀይራ፣ ጫማዋን ደረጃው ሥር በወረቀት ጠርጋ ነው የምትገባው።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው፣ ራሱ በሠራው ጌም፣ ለእንዲህ ያለች ልጅ ሃያ ሦስት ጊዜ ለምን ይሸነፋል? ጥያቄው በሁለቱም አውቶቡስ አብሯት ተሳፈረ፤ ቤት ድረስም ተከትሏት ገባ።

*

አያቷ ሱሪ እያሳጠሩ ነበር። የሚኖሩት ከልብስ ሰፊው ሱቅ ጀርባ ባሉ ሁለት ክፍሎች ነው። ሰፊው የልብሱን ጫፍ ሳይሰፋ ይተውላቸዋል፤ እሳቸው ጠርዙን በእጃቸው ይጠልፋሉ። የልጅ ልጃቸውን ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደጓት በዚያ መርፌ ነው። ቀና ሳይሉ፣ በመነጽራቸው አናት በኩል አይዋት።

«ምን ሆነሻል?»

«ምንም አልሆንኩም፣ እማማ።»

«በሩን እንዲያ አድርገሽ የዘጋሽው ምንም ሳትሆኚ ነው?»

«ነፋሱ ነው።»

«ነፋስ የት አለ? ቁጭ በይ። ያ ባለቢጫው ነው አይደል?»

ባለቢጫው ያሉት ሠሪውን ነው። መሥሪያ ቤቱ አንድ ልማድ አለው፤ ፈታሿ ያገኘችውን ድክመት በቢጫ ካርድ ላይ ትጽፋለች፤ ሠሪው ሲያስተካክለው በጀርባው መልስ ጽፎ ይመልሳል። ካርዱ ሥራውን ከጨረሰ ወደ ቅርጫት ነው የሚሄደው። ልጅቷ ግን የእሱን መልሶች አንድም ሳትጥል በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ታኖራቸዋለች። አያት ቆርቆሮውን ካገኙት ቆይተዋል። ምን ያድርጉ፣ ያሳደጉት ልጅ ቆርቆሮ መደበቅ ሲጀምር ዝም ብሎ የሚያይ አያት አለ?

«አምጪው» አሉ መርፌያቸውን ጨርቁ ላይ ሰክተው።

«ምኑን?»

«ብስኩቱን ነዋ። አትሳቂ! አምጪው።»

አመጣችው። አያት መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ሥር ገፋ አድርገው አንዱን ካርድ ወደ መብራቱ አስጠጉ። ቃሉን እየቆጠሩ ነው የሚያነቡት።

«'ድክመት ቁጥር አሥራ ሁለት። የሽቦ ካባ ግድግዳ ውስጥ ያልፋል።' ይሄ የአንቺ ነው። ጀርባው፦ 'ካባውን አሳጠርኩት። አንቺ ግን ምሳ ሳትበዪ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትቀመጫለሽ፤ ይህን ድክመት ማን ያስተካክለው?'» ካርዱን አስቀመጡት። «ምሳሽን ምን አገባው?»

«እማማ…»

«ቆይ። 'ድክመት ቁጥር ሠላሳ። ማሽኑ ራሱ ሲጫወት ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ዘዴ ይሸነፋል፤ ሁለት ጊዜ ያታለለው ሰው ሦስተኛ አይደሰትም።' ጀርባው፦ 'እውነትሽን ነው። ከማሽን ጋር መጫወት ይሰለቻል። ከነገ ጀምሮ በምሳ ሰዓት ከእኔ ጋር ብትጫወቺስ?'» አያት መነጽራቸውን አወለቁና በቀሚሳቸው ጫፍ ወለወሉ። «እሺ። ከዚያስ? ማን ያሸንፋል?»

ልጅቷ የቆርቆሮውን ክዳን መክደን ጀመረች።

«ማን ነው የሚያሸንፈው ነው የምልሽ!»

«እኔ።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

መርፌው ከጨርቁ ወጣ። የአሮጊቷ ፊት እንደተመታ ሰው ጭምድድ አለ። ልጅቷ ለምን እንደሆነ ታውቃለች። የአያቷ ባል ሌላ ሰፈር ውስጥ ሌላ ሚስትና ሌላ ሦስት ልጆች የነበሩት ሰው ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየእሑዱ ከአያቷ ጋር ካርታ ይጫወት ነበር፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሲሸነፍላት ኖረ። ጉዱ ከወጣ በኋላ አያት ያለቀሱት በሴትዮዋ አልነበረም። ያለቀሱት በካርታው ነው።

«በየእሑዱ እያሸነፍኩ በደስታ እስቅ ነበር» አሉ ወደ ግድግዳው እያዩ። «እሱም እያየኝ ይስቃል። በጨዋታ የሚዋሽሽ ሰው ምን ያህል እንደሚያምር አታውቂም፣ ልጄ።»

«እሱ እንደዚያ አይደለም።»

«ሪፖርቱን የምትጽፊው አንቺ አይደለሽም? ጌሙ የአባቱ አይደለም? በፊርማሽ አይደለም የሚወጣው? እኔ ስድስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። አንቺ የተማርሽዋ ደምሪልኝ።»

ደመረችው። የሚመጣው ድምር ከአያቷ የተለየ አልሆነም። የአውራ ጣቱን ነገር ግን አልነገረቻቸውም፤ ብትነግራቸው እውነት የሚሆንባት መሰላት።

*

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ወደ መጫወቻው ክፍል አልገባችም። በምትኩ አንድ ቢጫ ካርድ ጽፋ ጠረጴዛው ላይ ተወችለት።

«ድክመት ቁጥር ሃምሳ ሰባት። አውቆ የሚሸነፍ ተጫዋች።»

የጀግኖቹን ካባና ፊት የምትስለው ሠዓሊ ከጠረጴዛዋ ላይ አንገቷን አስግጋ ካርዱን አነበበችው። «ወንፊት፣ ይሄ የጌም ድክመት ነው የሰው?»

«አንቺ ካባሽን ሳዪ።»

«ካባዬ ተስሏል። የእናንተ ነው ገና ያልተሳለው» አለችና እየሳቀች ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

መልሱ ከሰዓት በኋላ መጣ። እንደወትሮው ቀልድ የለበትም፤ ምሳሽን የሚል የለበትም። «ይህ ድክመት በማሽኑ ውስጥ ተፈልጎ አልተገኘም» ይላል። በቃ። ልጅቷ ካርዱን ገለባበጠችው። የሚደብቀው ነገር ያለው ሰው እንዲህ ነው የሚጽፈው፣ አለች በሆዷ።

ደረጃው ላይ ተገናኙ። እሷ ስትወርድ እሱ ሲወጣ። ከታች ጎማ የሚነፉበት ማሽን እያፏጨ ነው። ቀና ብሎ ሲያያት ዓይኖቹ እንቅልፍ እንዳጣ ሰው ቀልተዋል።

«ምን አጠፋሁ?» አለ።

«አንተው ታውቀዋለህ።»

«ባውቀው እጠይቅሻለሁ?»

«ሃያ ሦስት ጊዜ ወድቀሃል! አንተ! ጀግናውን የሠራኸው፣ ቁልፉን በጨለማ የምታውቀው ሰው! ሕፃን ልጅ ነኝ? ነው ወይስ ሐሙስ እስኪያልፍ ነው?»

«ሐሙስ ምን አለ?»

«ሐሙስ ፊርማዬ አለ።»

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው የደረጃውን ብረት ጭብጥ አደረገ።

«እኔ በየቀኑ የምሸነፈው» አለ ቀስ ብሎ፣ «ፊርማሽን ልገዛ መስሎሽ ነው?»

«ካልሆነ ለምን ትተውልኛለህ?»

«አልተውኩልሽም! ተሸነፍኩ። ሰው አይሸነፍም እንዴ? እያፈርኩ ነው የምሸነፈው። ቤቴ ገብቼ ለምን ዘገየሁ እያልኩ ነው የማድረው።»

«ጣትህን አየሁት።»

«ምኑን?»

«ጣትህን ከቁልፉ ላይ ስታነሣው በዓይኔ አየሁት!»

አፉን ከፈተ፣ ዘጋው። ልጅቷ ያቺን ዝምታ ጠበቀቻት፣ መዘነቻት፣ ጥፋተኛ ሰው ሲያዝ ዝም እንደሚል አሰበች። ትከሻዋን እንዳይነካት ወደ ግድግዳው ተጠግቶ ያሳለፋት ጊዜ ብቻ፣ ለምን እንደሆነ ሳታውቀው፣ ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ስንጥቅ አለ።

*

ሐሙስ ሁሉም መጫወቻው ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። ባለቤቱን ሠራተኛው ሁሉ «ጋሼ» ነው የሚላቸው። ልጃቸውም እዚያ እንደማንም «ጋሼ» ነው የሚላቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ ግን ዓይናቸው የሚመዝን ዓይን ነው። በተለይ እሷን ከልጃቸው አጠገብ ተቀምጣ ካዩበት ቀን ጀምሮ፣ ሰላምታ ሲሰጧት እጇን ትንሽ ቆይተው ነው የሚለቁት፤ ምን እንደያዘች ለማየት የፈለጉ ይመስል።

«እሺ፣ ወንፊት» አሉ። «አንብቢ።»

አነበበች። ወረቀቱን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ጥንካሬ። የእያንዳንዱ ጀግና አመታት የራሱ ነው፤ ዓይን ጨፍኖ በድምፁ ብቻ ማን እንደመታ ይታወቃል። አለት ሲወድቅ ክብደቱ እጅ ላይ ይሰማል። ሽቦ ፈጣን ናት፣ ግን አንድ ጠንካራ ምት ይበቃታል፤ ስለዚህ የሚጫወትባት ሰው ሁልጊዜ እንደፈራ ነው፤ ይህ ጥሩ ፍርሃት ነው። ኃይል ያለው ሁሉ ጉድለት አለው፤ ጀግኖቹ ሰው የሚመስሉት በጉድለታቸው ነው።»

ይህን ስታነብ ሠሪው ቀና አለ። አላየችውም።

«ድክመት። ጀግኖቹ ስምንት ብቻ ናቸው። ታሪኩ አጭር ነው፤ ባለካባዎቹ ለምን እንደተጣሉ ሳይታወቅ ይታረቃሉ። የፍልሚያው ጣሪያ ሦስት ቦታ አንድ ዓይነት ነው፣ የተለወጠው ሰማዩ ብቻ ነው። በሁለት ዙር መካከል ያለው ጥበቃ ሻይ አፍልቶ ያስጠጣል።»

ሠዓሊዋ ሳቀች። ጋሼ አልሳቁም። «በዚህ ላይ መፈረም ይቻላል?»

«ይቻላል ጋሼ። ከመፈረሜ በፊት ግን አንድ ግጥሚያ ልጫወት። ከእሱ ጋር። በሁላችሁ ፊት።»

ምን እንዳሰበች ልንገራችሁ። ልታጋልጠው ነው። ያንኑ ምት ትመታዋለች፣ ያንኑ ጣቱን ያነሣል፣ አሥራ አንድ ሰው ያየዋል። ከዚያ ወረቀቱን አስቀምጣ፣ ቦርሳዋን ይዛ፣ ደረጃውን ወርዳ ትሄዳለች። ሌሊቱን ያቀደችው ይህን ነው። ያላቀደችው እንባዋን ብቻ ነበር።

ተቀመጡ። እሷ እንደወትሮዋ በግራ፣ እሱ እንደወትሮው ከመስኮቱ በኩል። ፀሐዩ ጉንጩ ላይ አርፏል። አንዴም አላያትም።

ተዋጉ። ሽቦ ከጣሪያ ጣሪያ ዘለለች፤ አለት ሁለቴ ያዛት፣ ሁለቴ አመለጠችው። ጣለችው። ሲነሣ ጎንበስ አለች። ስክሪኑን ትታ እጁን አየች።

አውራ ጣቱ ቁልፉ ላይ ነበር። ተጭኗል። ጥፍሩ እስኪነጣ ተጭኗል። ብድግ አደረገውና መልሶ ተጫነው፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ እልህ እንደያዘው ሰው። ስክሪኑ ላይ ግን አለት እጆቹን አንጠልጥሎ ቆሟል። አይከላከልም። ሽቦ እግሩን ጠረገችው።

አለት ወደቀ። «አሸናፊ» አለ ስክሪኑ።

ክፍሉ አጨበጨበ። ልጅቷ ጆይስቲኩን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

«ወንበር እንቀያየር» አለች።

«ምን?» አለ እሱ።

«ተነሣ። ወንበር እንቀያየር። እኔ አለትን፣ አንተ ሽቦን።»

ከመስኮቱ በኩል ባለው ወንበር ላይ ስትቀመጥ ፀሐዩ ዓይኗን ወጋት። ሦስት ሳምንት ሙሉ «አንቺ እዚያ ሁኚ፣ እዚህ ፀሐይ አለ» እያለ የያዘው ወንበር ነው። ግድግዳው ላይ፣ ከስክሪኑ በላይ፣ በራሷ እጅ የተጻፈ ደንብ ተለጥፏል፦ «ከየአሥሩ ግጥሚያ በኋላ ወንበር ይቀየር።» አንድ ቀን አልቀየሩም። እሱ በቸርነቱ፣ እሷ ቸርነቱ ደስ ብሏት።

«ጣለኝ» አለችው። ጣላት። «ስነሣ ከታች ምታኝ።»

ሽቦ ጎንበስ ብላ መጣች። ልጅቷ የመከላከያውን ቁልፍ ተጫነች። በደንብ ተጫነች። አለት አልሰማትም። ጣቷን አንሥታ መልሳ ተጫነች። ድንጋዩ ሰውዬ እጁን አንጠልጥሎ ቆሞ ምቱን ጠበቀ፤ እግሩ ተጠረገ፤ በጀርባው ወደቀ፤ ክብደቱ በገዛ እጇ ውስጥ ዘልቆ ተሰማት። ሃያ አራት ጊዜ እንዲህ ወድቋል። ሃያ አራት ጊዜ ቁልፉ እምቢ እያለው፣ እየሳቀ፣ «እጅሽን ምን ተቀብተሽው ነው» ብሏታል።

«ቁልፉ አይታዘዝም» አለች። ድምጿ ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር። «ጋሼ፣ ከዚህ ወንበር የሚጫወት ሰው ወድቆ ሲነሣ መከላከል አይችልም። እኔ… በየቀኑ የማሸንፈው ለዚህ ነው።»

ሠሪው አፉን ከፍቶ ስክሪኑን ያያል። ጋሼ ወደ እሱ ዞሩ።

«ጌሙን የጻፍከው አንተ ነህ። ሃያ ምናምን ጊዜ ቁልፉ እምቢ ሲልህ አላወቅክም?»

«እኔ የዘገየሁ ነበር የመሰለኝ።»

«ለምን ትዘገያለህ?»

ዓይኑን እጁ ላይ ባለው ጆይስቲክ ላይ ተከለ።

«ልጅ፣ ጠየቅኩህ እኮ! ለምን ትዘገያለህ?»

«ስክሪኑን ስለማላይ ነዋ፣ አባዬ!»

በዚያ ቤት ውስጥ «አባዬ» ሲል ማንም ሰምቶት አያውቅም። ሠዓሊዋን ሳል ያዛት። ጋሼ ቀስ ብለው ወደ ልጅቷ ዞሩ፤ ያ የሚመዝነው ዓይናቸው ሙሉ በሙሉ አረፈባት።

«አንቺስ? ወንፊት ነው የሚሉሽ። ሦስት ሳምንት ይህን ያህል ቀዳዳ እንዴት አለፈሽ?»

አሁን መዋሸት ትችል ነበር። ፀሐዩ ነው፣ ጊዜ አጠረኝ፣ ሌላ ነገር እየፈተሽኩ ነው ብትል ማንም አይይዛትም። ሥራዋ፣ ስሟ፣ የአያቷን ዓይን ከመርፌ ሊያሳርፍ የሚችለው ደመወዟ፣ ሁሉም ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር።

«እኔም ስክሪኑን አላይም ነበር፣ ጋሼ» አለች።

ከታች የጎማው ማሽን ብቻ ያፏጫል። ሠሪው ዞሮ አያት። ከዚህ በፊት ሲያያት ሁልጊዜ ዓይኗን ትሰብር ነበር፤ አሁን አልሰበረችም። ደረጃው ላይ የወረወረችበትን ቃል ሁሉ አንድ በአንድ እያስታወሰች፣ እያቃጠላት፣ አየችው።

«ዝም ብትዪ እኮ ማንም አያውቅብሽም ነበር» አሉ ጋሼ።

«እኔ አውቃለሁ።»

ጋሼ ያመኗት አይመስሉም፤ ያላመኗትም አይመስሉም። ከኪሳቸው ብዕር አወጡ፤ ከጠረጴዛው ላይ አንድ ቢጫ ካርድ መዘዙ፤ ሁለቱንም ፊቷ አስቀመጡላት።

«ጌሙ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ጻፊው እንግዲህ።»

ጻፈች። «ድክመት ቁጥር ሃምሳ ስምንት። ከመስኮቱ በኩል ያለው ተጫዋች ወድቆ ሲነሣ የመከላከያው ቁልፍ አይታዘዘውም። ሳይታይ የቆየበት ምክንያት፦ ፈታሿ ጥፋቱን ማሽኑ ላይ መፈለግ ሲገባት ሰውዬው ላይ ፈለገችው።» የመጨረሻው ቃል ላይ አንድ ጠብታ ወድቆ ቀለሙን አሰፋው። ካርዱን አንሥታ በእጁ ሰጠችው፤ ጣቶቻቸው ቢጫው ወረቀት ላይ ተገናኝተው፣ ሁለቱም ለመልቀቅ ዘገዩ።

*

«ታዲያ ይምጣና ልየዋ!» አሉ አያት ታሪኩን ሰምተው ሲጨርሱ። «ቁልፍ ነው ብሎ ለአባቱ ይንገር። እኔ ቁልፍ አላውቅም። እኔ የማውቀው እጅ ነው።»

መጣ። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ ከሰዓት፣ የጌሙን ማሽን ከነስክሪኑ በቦርሳ ተሸክሞ፣ በእግሩ። ጫማውን በር ላይ ሲጠርግ አያት በመስኮቱ መጋረጃ ጥግ አዩት። ስንት ጊዜ እንደጠረገው ሳይቀር ቆጥረዋል።

«እንደምን ዋሉ፣ እማማ?»

«እኔ ደህና ነኝ። እዚያ ተቀመጥ። እዚያ አይደለም፣ እዚያ! ብርሃን ካለበት። እጅህን ማየት እፈልጋለሁ።»

«እማማ!» አለች ልጅቷ አፍራ።

«አንቺ ዝም በይ። ተጫወቱ።»

አያት ወንበራቸውን ወደ ጎን ስበው ተቀመጡ። ስክሪኑን ጀርባ ሰጡት። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አስተካክለው፣ ጠርዝ ሲጠልፉ ስፌቱን እንደሚያዩት፣ የሰውዬውን አሥር ጣቶች ማየት ጀመሩ። ልጅቷ ከእሱ ይልቅ እሳቸውን ፈራች። እውነቱን ለመናገር ራሷንም ፈርታለች። ማሽኑ ተስተካክሏል፤ ከዛሬ በኋላ ማሽኑ ላይ የሚላከክ ነገር የለም። አሁን ቢሸነፍላትስ?

ሽቦ ዘለለች። አለት ጠበቃት። ጣለችው። ሲነሣ ጎንበስ ብላ ጠረገችው፤ የድንጋዩ ክንድ ወረደና ምቱን ዘጋ! ልጅቷ ደነገጠች፤ አፈገፈገች፤ ዳግመኛ ሞከረች፤ ዳግመኛ ዘጋባት። ከዚያ ከጣሪያው ጥግ አስጠጋት። አልማራትም። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስተኛው ላይ ቀጭኗ ሽቦ ካባዋ ተጠቅልሎባት ወደቀች።

ለመጀመሪያ ጊዜ ቃሉ በእሱ በኩል በራ።

«ምን ሆነ?» አሉ አያት ሳይዞሩ።

«አሸነፈኝ» አለች ልጅቷ። ሳቋ ከየት እንደመጣ አታውቅም፤ እየሳቀች ጉንጯ እርጥብ ነው። «አሸነፈኝ፣ እማማ! ድብን አድርጎ አሸነፈኝ!»

«ይቅርታ» አለ ሰውዬው ተደናግጦ።

«ምን ይቅርታ ትላለህ!» አሉ አያት።

ከሸሚዙ ኪስ አንድ ቢጫ ካርድ አውጥቶ ለልጅቷ ሰጣት። ቁጥር ሃምሳ ስምንት ናት። የጠብታዋ ምልክት አልጠፋም። ልጅቷ ገልብጣ ልታነብ ስትል አያት እጃቸውን ዘረጉ። ሰጠቻቸው፤ ምን ታድርግ። ወደ ብርሃኑ አስጠግተው ቃል በቃል አነበቡት።

«'አለት ከዛሬ ጀምሮ ራሱን ይከላከላል። እኔ ግን ከአንቺ መከላከል አልቻልኩም፤ ይህ ድክመት እንዳለ ይቆይ። ለወንፊቴ።'»

አያት ካርዱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በመዳፋቸው አለሰለሱት፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ጨርቅ እንደሚያለሰልሱ።

«ወንድ አያትሽ በዘጠኝ ዓመት አንድ እሑድ እንኳ አላሸነፈኝም» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን አጠነከሩ። «አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት። በአንድ ጊዜ ማንንም አላምንም። ድገሙት።»

ደገሙት። ልጅቷ በመሀል ላይ፣ አለት በሚነሣበት ቅጽበት፣ በዓይኗ ጠርዝ ወደ አያቷ ሰረቅ አድርጋ አየች። አሮጊቷ መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ማኅደሩ መልሰውታል። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ካርዱን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ማን እንደመታ በድምፁ ብቻ ያዳምጣሉ።